የአቶ ግዛቸው ሳይክሎችና የእኔ ግድግዳ

አቶ ግዛቸው ያረፉት መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሳይክሎቻቸውን ከግድግዳዬ ላይ ሊያወርዱ በሽማግሌ ፊት ቃል የገቡት ደግሞ ለመስቀል ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሲል እኔም ነፍስ ይማር አልኩ። በልቤ ግን «እኚህ ሰው አሁንም አመለጡኝ» አልኩ። ከእሳቸው ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የኖረ ሰው ቢኖር ይፈርድልኝ ነበር።

ግድግዳው የአባቴ ነው። ሞላሌ፣ ከገበያው ወጣ ብሎ ያለውን የድንጋይ ቤት አባቴ ሲሠሩት አንድ ቤት ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ለእኔና ለወንድሜ እኩል ተከፈለና መሐል ለመሐል የቆመው ግድግዳ ድንበር ሆነ። ወንድሜ ድርሻውን ለአቶ ግዛቸው ሸጦ አዲስ አበባ ገባ። ሲሸጥ አላማከረኝም። በኋላ ስጠይቀው፣ «ብቸኛ ሰው ናቸው፤ መኖራቸውንም አትሰሚም» አለኝ።

አቶ ግዛቸው የገቡት አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ ሦስት ሳይክልና አንድ ጆንያ ሙሉ ቀንድ ይዘው ነው። የበሬ ቀንድ አለ፤ የሙክት ቀንድም አለ። ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳይ ቆየሁና፣

«ቀንዱ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ለሳይክሎቹ ነው፣ እትዬ» አሉ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ገባሁ። በማግስቱ ምድጃዬ ላይ ሽሮ ጥጄ ሳለ ከወዲያ በኩል ዱም ዱም የሚል ድምፅ ተነሣ። ምድጃዬ ያረፈው መካከለኛውን ግድግዳ ተደግፎ ነው። ወዲያው መዳፍ የሚያህል ልስን ተገምሶ ድስቱ ውስጥ ወደቀ። ነጠላዬን አጣፍቼ ዞሬ ሄድኩ። በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ ፈልፍለው የበሬ ቀንድ ከነሥሩ ከተው፣ ዙሪያውን በእንጨት ሽብልቅና በገብስ ጭድ በተቦካ ጭቃ እየጠቀጠቁ ነበር። አንደኛው ሳይክል ከወዲሁ ተሰቅሏል። የፊት ጎማው ቀንዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የኋላው ወደ ታች ተዘርግቶ፣ የታረደ በግ ይመስላል።

«አቶ ግዛቸው፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ኩላብ እየተከልኩ።»

«ግድግዳው እኮ የጋራ ነው።»

«የተከልኩት በእኔ በኩል ነው።»

«አፈሩ የወደቀው በእኔ ድስት ውስጥ ነው!»

እጃቸውን ጠረጉና አሰብ አደረጉ። «ወጡ ምን ነበር?»

«ሽሮ።»

«ሽሮ ከሆነ አይለይም» አሉ።

ከእኚህ ሰው ጋር መነጋገር እንደማይቻል ያኔ ነው የገባኝ። ቢሆንም ዝም አላልኩም። እሳቸው ደግሞ መልስ አያጡም። ወደ ግድግዳው ላይኛ ጥግ እያመለከቱ፣ «አባትዎ የበቅሏቸውን ኮርቻ የሰቀሉት በዚሁ ግድግዳ አይደለም እንዴ? ይኸው የድሮው ኩላብ ቀዳዳ» አሉኝ።

«ኮርቻውን ነው የሰቀሉት። በቅሎዋን አልሰቀሉም።»

«ቢሰቅሏትማ ዕድሜዋ ይረዝም ነበር።»

የሚሰቅሉበትን ምክንያት ሲያስረዱ ግን አይቀልዱም። በፊት ዘመሮ በተከራዩበት ቤት ሳይክላቸው የሚያድረው በጎች ባሉበት ወለል ላይ ነበር። የበግ ሽንት ቸርኬውን፣ የጎማውን ክብ ብረት፣ በልቶት፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጎማው እንደ ደረቀ ቂጣ ተቆረሰባቸው። ከዚያ ወዲህ «ሳይክል መሬት ላይ አያድርም» የሚል ሕግ አወጡ። ሕጉን ለሚያዳምጣቸውም ለማያዳምጣቸውም ይናገራሉ።

በሥራ ዘመናቸው የስልክ ጣቢያው መልእክተኛ ነበሩ። ያኔ ስልክ በየኪሱ አልገባም። ከሩቅ የሚደውል ሰው አስቀድሞ ቀጠሮ ያስይዛል፤ አቶ ግዛቸው በዘመሮና በቀየት መንገድ ባሉት መንደሮች እየዞሩ «ነገ ጠዋት ይደወልልሃልና ጣቢያ ተገኝ» እያሉ ይጠራሉ። በበጋ ሳይክሉ እሳቸውን ይሸከማል። በክረምት ጭቃው ሲመጣ እሳቸው ሳይክሉን ይሸከማሉ። አንድ ጊዜ ለእኔም የወንድሜን መልእክት አመጡልኝ፤ ያመጡልኝ ግን ወንድሜ ደውሎ፣ ጠብቆ፣ ተናዶ ከዘጋ በኋላ ነበር። «ምነው አቶ ግዛቸው?» ብላቸው፣ «ወንዙ ሞልቶ ሳይክሉ ራሰ። ሳላደርቀው ልምጣ?» አሉኝ። ብለው ብለውም፣ «አይቸኩሉ እትዬ፣ ይደርሳል» አሉ።

«ይደርሳል» የሁልጊዜ ቃላቸው ነበር። ልስኑን መቼ ይጠግናሉ? ይደርሳል። አጥሩን መቼ ያጥራሉ? ይደርሳል።

እኚሁ ሰው ናቸው እንግዲህ ለራሳቸው «አባ ገስግስ» የሚል የፈረስ ስም ያወጡት። በእኛ አገር የፈረስ ስም የድሮ ጌቶች ወግ ነው። አቶ ግዛቸው ፈረስ ኖሯቸው አያውቅም። ሆኖም ሦስቱን ሳይክሎች እንደ ፈረስ በመልካቸው ሰይመዋቸዋል፦ ጥቁሩ ጉራቻ፣ ቀዩ ዳማ፣ ነጩ አምባላይ። ለሥራ የሚወጡት በጉራቻ ነው። ሁለቱ አሮጌ ሆነው ከሰው የተገዙ ናቸው፤ ከግድግዳው የሚወርዱት ሊወለወሉ ብቻ ነው። ይህን ስም በሰው ፊት ሲናገሩት ሰምቼ አላውቅም። ግድግዳው ግን ድምፅ አያግድም። ጠዋት ጠዋት ጎማዎቹን እያሽከረከሩ፣ ደወሎቹን በየተራ እያቃጨሉ፣ «አባ ገስግስ! የጉራቻው ጌታ!» ብለው ለብቻቸው ይፎክራሉ። እኔ ጸሎቴን አልጨረስኩም። በሙቀጫ ዘነዘና ግድግዳውን ሁለት ጊዜ እመታለሁ። ጸጥ ይላሉ። በማግስቱ ያው ነው።

ክፍላቸውን ያየ ሰው ግን ያደንቃል፤ ይህም ያበሳጨኝ ነበር። ከየሳይክሉ ሥር አንድ የሙክት ቀንድ ተተክሏል። በቀንዱ ጥምዝ ላይ ከመነዳሪው፣ ማለት በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ፣ እንደ አምባር ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል። መፍቻዎቹ በቆዳ ጠፍር ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰክተዋል። ፓምፑ በሁለት ቀንዶች ላይ ተጋድሟል። ከአልጋቸውና ከሣጥናቸው በቀር ወለሉ ላይ የተቀመጠ ነገር የለም። ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ ገብተው ያያሉ፤ ሲወጡ ደግሞ እኔን፣ «ታድለሽ፣ ንጹሕ ጎረቤት ሰጠሽ» ይሉኛል። በእኔ በኩል ያለውን ልስን የሚያይ ግን የለም። ከቀንዶቹ ትይዩ የተነሣ ስንጥቅ ከጣሪያው ሥር ጀምሮ በየክረምቱ ወደ ምድጃዬ ይወርድ ነበር። ከዚህ ቤት ሌላ ቤት የለኝም። ግድግዳው ከተናደ የምገባበት አልነበረኝም።

የሞባይል ስልክ ሲመጣ የእሳቸው ሥራ ቀረ። ራሳቸውም ስልክ አልገዙም። «አሁን ሰው ቤቱ ሳይኖር ይገኛል፤ ቤቱ ያለው ሰው ግን አይገኝም» ይሉ ነበር። ነገሩን ለማሳመር ያሉት ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ የነሐሴ ሰሞን ብርድ መታኝ። ከአልጋ መነሣት አቃተኝ፤ እሳትም አላነደድኩ። በማለዳ በሬ ተንኳኳ።

«እትዬ በላይነሽ! እሳት አላነደዱም።»

«እሳት ባነድ ባላነድ እርስዎን ምን አገባዎት?» አልኩ ከብርድ ልብሴ ውስጥ።

«ድምፅዎ ተዘግቷል።»

«ይሂዱልኝ።»

ሄዱ። ከጤና ጣቢያ ነርስ ይዘው ተመለሱ። ከዚያም መሐል ሜዳ ያለችውን የእህቴን ልጅ ጽጌን ልጥራ ብለው ጉራቻን አውርደው በዚያ ጭቃ ወጡ። ነርሷ የጽጌን ቁጥር ከእኔ ተቀብላ እዚያው ቆማ ደወለችላት። ጽጌ በመኪና ስትመጣ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ሳይክል በትከሻቸው ተሸክመው በጭቃ ሲዳክሩ አይታ፣ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ አልፋቸው መጣች። እሳቸው መሐል ሜዳ ደርሰው፣ ቤቷን አፈላልገው፣ የለችም ተብለው የተመለሱት በማግስቱ ነው። እኔ ተነሥቼ ገንፎ እበላ ነበር።

«መጣች?» አሉ ከበሩ ላይ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው።

«ትናንት መጣች።»

«አላልኩዎትም? ይደርሳል» አሉና ሳይክላቸውን ሊያደርቁ ገቡ።

እሳት አለማንደዴን ከየት እንዳወቁ ግን ግራ ገባኝ። ጭስ ይወጣ እንደሆነ እያሉ በር በሬን ያያሉ ማለት ነው? ለብቻዋ የምትኖር ሴት እንዲህ ያለው ነገር አይጥማትም። ለማንም ሳልናገር ያዝኩት።

ከዓመት በኋላ ስንጥቁ ምድጃዬ ጋ ደረሰ። በትንሣኤ ማግስት መምሬ ጥበቡንና ሌሎች ሁለት ሽማግሎች ለምኜ አቶ ግዛቸውን አስጠራኋቸው። እኔ ደጅ ወንበር ተሰጥቶኝ ተቀመጥኩ። ሽማግሎቹ ግድግዳውን ከሁለቱም ወገን አዩት፣ ስንጥቁን በጣታቸው ለኩት። ከዚያ መምሬ ጥበቡ ጠየቁ።

«አቶ ግዛቸው፣ ቤትዎ አራት ግድግዳ አለው። ምነው ከአራቱ የሰውን መረጡ?»

አቶ ግዛቸው መሬት መሬት አዩ።

«ሦስቱ የውጭ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «ጉሙ ያረጥባቸዋል። እዚያ ብሰቅለው ብረቱ ይዝጋል። ይኼኛውን እትዬ ያሞቁታል።»

«ማን?»

«እትዬ በላይነሽ። ምድጃቸው ከወዲያ ነው። ከማለዳ እስከ ማታ ኩበት ይነዳል። ቸርኬውን ጠዋት ስነካው ለብ ይላል።» ደግሞ ጨመሩ፤ ባይጨምሩ ይሻል ነበር። «ካልሞቀ እሳቸው አልተነሡም ማለት ነው።»

ሽማግሎቹ ሳቁ። አንደኛው፣ «እንግዲያ ባለዕዳው ማነው? አቶ ግዛቸው የማገዶውን ሊከፍሉ ይገባል!» አለ። መምሬ ጥበቡ እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። በዚህ ዕድሜዬ በሽማግሌ ፊት የሰው ግድግዳ የምታሞቅ ተብዬ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ላይ ምን ያህል እንደተናደድኩ እኔ አውቃለሁ። በሽተኛ ሆኜ ሳለሁ ከየት እንዳወቁ ደግሞ ያኔ ገባኝ፤ የገባኝ መሆኑም ንዴቴን አላበረደልኝም።

«እኔ የማውቀው ስንጥቁን ነው» አልኩ። «ፍርዴን ስጡኝ።»

ፈረዱልኝ። በልጉና ክረምቱ ሳይወጡ ቀንድ ቢነቀል አዲሱ ጭቃ አይደርቅምና፣ ለመስቀል አውርደው፣ ቀዳዳውን ደፍነው፣ በሁለቱም በኩል እንዲለስኑ ተወሰነ። አቶ ግዛቸው እጅ ነሡ። «ይደርሳል» አሉ። መምሬ ጥበቡ «ይደርሳል ሳይሆን ይወርዳል ይበሉ» አሏቸው። «ይወርዳል» አሉ።

በዚያው ክረምት ጽጌ ጭሱ ዓይኔን እንዳያጠፋው ብላ የኤሌክትሪክ ምድጃ አመጣችልኝ። የአባቴን ምድጃ ጠርጌ ተውኩት። መብራት ሲጠፋ ብቻ ትንሽ ኩበት እለኩሳለሁ። ሰኔ ገባ፣ ጉሙ ወረደ። ከግድግዳው ወዲያ ጨርቅ ብረት ሲፈትግ ቀን ሙሉ እሰማ ጀመር። ዘይት እየቀቡ ይወለውላሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ያንኑ። ደወሉም ፉከራውም ቀነሰ። አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ ደህና አደሩ? ብረቱ ቀዝቅዟል።»

«ደህና ነኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃ መጥቶልኛል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይንዎ ያርፋል» አሉና ሄዱ።

አንድ ቃል አልተቃወሙም። በማግስቱ ግን ደግመው አንኳኩ። በሦስተኛው ቀንም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ከእንግዲህ በብረቱ አላውቅም ብዬ ነው። አደሩ?» ይላሉ።

«አድሬያለሁ፣ አቶ ግዛቸው።»

«ደግ።»

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ዝናብ ቢዘንብ ጆንያ አጥልቀው ይመጣሉ። እኔ አንዳንዴ ጸሎት ላይ ነኝ፣ አንዳንዴ ፊቴን አልታጠብኩም። «ሰው ካልጮኸ ደህና ነው ማለት ነው፤ ይተዉኝ» ብያቸዋለሁ። «የሞተ ሰውም አይጮህም» አሉኝ። አንድ ማለዳ ተናድጄ ከመምጣታቸው በፊት እኔው በሩን ከፍቼ ቆሜ ጠበቅኋቸው። «አድሬያለሁ!» አልኳቸው ከሩቅ። በጣም ደስ አላቸው።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ አንድ ቀን አላንኳኩም። በመጀመሪያ ተመስገን አልኩ። ጸሎቴን ሳይቋረጥብኝ ጨረስኩ። ቁርሴን በላሁ። ከዚያ ግድግዳውን በዘነዘናው ሁለት ጊዜ መታሁት። ነጠላዬን አጣፍቼ ዞሬ ሄድኩ። በሩ አልተቆለፈም። በአልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ነበር፤ የሚወለውሉበት ጨርቅ ደረታቸው ላይ ነው። ሦስቱ ሳይክሎች ከበላያቸው ተሰቅለዋል። አንድም የዛገ ብረት አላየሁባቸው።

የሩቅ ዘመድ ብቻ ነበራቸው፤ ሰሎሞን የሚባል የወንድም ልጅ ከደብረ ብርሃን መጣ። በለቅሶው የሟች ፎቶ መያዝ ወግ ነውና ፎቶ ተፈለገ፤ ጠፋ። መምሬ ጥበቡ ወደ ግድግዳው አዩ።

«ድሮ የሰው በቅሎ ከነጭነቷ በለቅሶ ሜዳ ትዞርለት ነበር» አሉ። «የእሳቸው ይቺው ናት። አውርዷት።»

ሰሎሞን ጉራቻን ለማውረድ ታገለ። እሱ ሽቅብ ሲጎትት ጎማው በቀንዱ ጥምዝ ይያዛል። «መሪውን አዙርና ወደ ራስህ ሳበው» አልኩት ከበሩ ላይ። ስንቴ እዚያ ቆሜ ስከራከር ሲያወርዱ አይቻለሁ። ወረደ። ኮርቻው ላይ ጋቢያቸውን ጣሉበት፤ ሰሎሞን በመሪው ይዞ እየገፋ በለቅሶ ሜዳው ዞረ። ጎማው ሲሽከረከር ጠቅ ጠቅ ይላል። ከወጣቶቹ ሊስቁ የዳዳቸው ነበሩ፤ አልቃሿ በመካከል ቆመች።

«የፈረስ ስማቸው ማነው?» አለች።

ሰሎሞን እኔን አየኝ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የፈረስ ስም ያላቸው መሆኑን የሚያውቅ የለም። አልቃሿ ደግማ ጠየቀች። እኔ በለቅሶ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልወድም።

«አባ ገስግስ» አልኩ።

አልቃሿ ወዲያው ተቀበለችኝ፦

ዘመሮን ቀየትን ሲጠራ የኖረው፣
አባ ገስግስ ዛሬ ማን ጠርቶት የቀረው?

ሕዝቡ አለቀሰ። የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔ በውስጤ «ቀድሞስ መቼ በጊዜው ደርሰው ያውቃሉ» እያልኩ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

ከቀብር ሲመለሱ ሰሎሞን ጉራቻን ወለሉ ላይ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆመው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሰው አያስቀይምም።

«እትዬ፣ የሽማግሎቹን ፍርድ ነግረውኛል። ዛሬውኑ ሳይክሎቹን እወስዳለሁ፤ ቀንዶቹንም ነቅዬ አስለስናለሁ። ይቅርታ ይደረግልን፣ ብዙ አስቸግረዎታል።»

ስጠብቀው የነበረው ቃል ይህ ነው። መስቀልም ገና አልገባም፤ ፍርዱ በጊዜው ተፈጸመ ማለት ነው።

«የት ልታስቀምጣቸው ነው?» አልኩት።

«ግቢ ውስጥ። ከሸራ ሥር።»

«መሬት ላይ?»

«አዎ፤ ሸራው ዝናብ አያስገባም።»

«ሳይክል መሬት ላይ አያድርም» አልኩት።

ልጁ የምቀልድበት መስሎት ፈገግ አለ። እኔ አልቀለድኩም። «መጀመሪያ ቀንድ ተክለህ፣ ደረቅ ግድግዳ ፈልገህ ና» አልኩት። «እስከዚያ ያንን ከወለሉ አንሣውና መልሰህ ስቀለው።» ሰቀለው። ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ።

መስቀል አለፈ። ስንጥቁ እንዳለ ነው፤ መምሬ ጥበቡ ባገኙኝ ቁጥር «ፍርድሽ አልተፈጸመም» ይሉኛል። እኔም አንድ ሰው ሆኜ ሁለት ቤት የምጠርግ ሆኛለሁ። ባለፈው ጽጌ መጥታ የአባቴ ምድጃ ላይ ኩበት ሲነድ፣ ቤቱም ጭስ ሞልቶት አገኘችው።

«ምነው እትዬ፣ የኤሌክትሪኩ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ?»

«ግድግዳው እርጥበት ያዘው» አልኳት። እውነት ነው፤ ጉም ነበር።

ትናንት ሰሎሞን ደወለ። ግድግዳ አዘጋጅቻለሁ፣ ቀንድም ከቄራ አግኝቻለሁ፣ በዚህ ሳምንት መጥቼ ልውሰዳቸው አለኝ። እኔ ድስቱን እያማሰልኩ ነበር።

«አትቸኩል» አልኩት፤ «ይደርሳል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። ዘነዘናውን አንሥቼ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታሁት፤ ትንሽ ልስን ሽሮው ውስጥ ወደቀ።